የልብስ ሰፊው ትከሻ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። የሚኖረው በተራራ ጫፍ ላይ በተቀመጠች፣ መኪና በማይደርስባት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል፤ እሱ የሰፋው ሱሪ ጨርቁ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይተረተርም። ጉልበቱን ግን ባናነሳው ይሻላል። ሃያ ዓመት ሙሉ በስፌት መኪናው ላይ ጎብጦ ስለኖረ ደረቱ ገብቷል፣ ትከሻው ወርዷል፣ ክንዱም ከመቀሱ እምብዛም አይወፍርም። እሱም ይህን ስለሚያውቅ፣ «ለሰፊ ዓይን እንጂ ክንድ ምን ያደርግለታል» እያለ ይስቃል።

በዚያች ከተማ ግን ትከሻ የሌለው ወንድ መቸገሩ አይቀርም። ጤና ጣቢያው ያለው የሦስት ሰዓት ቁልቁለት ከተወረደ በኋላ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ስለዚህ ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተሸክመው ያወርዱታል። ቃሬዛው ሁለት ረጃጅም አጠና ነው፤ መሐሉ በጠፍር የተጠለፈ። አራት ሰው አራቱን ጫፍ ይሸከማል፤ ሲደክማቸው ሌሎች አራት ይተካሉ። ለዚህ ሥራ የቃሬዛ ማኅበር አቋቁመዋል። ማኅበሩ ገንዘብ አያዋጣም፤ የሚዋጣው ትከሻ ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ጎልማሳ የተባለ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል።

በመንገዱ ላይ ጉሮሮ የሚሉት ቦታ አለ። በአንድ በኩል እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ዓለት፣ በሌላው በኩል ገደል ነው። ስፋቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል፤ ለሦስተኛ ቦታ የለውም። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ትከሻ መቀያየር የለም። ቁልቁል ስለሆነም ቃሬዛውን መሬት ላይ ማሳረፍ አይቻልም። የገቡት አራቱ ናቸው የሚወጡት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ማንኛውም ታማሚ እዚያ ሲደርስ፣ የቱንም ያህል ቢታመም፣ ሁለቱን አጠናዎች ጨምድዶ ይይዛል።

የማኅበሩ ዳኛ ጋሽ ምንይችል ደግ ሰው ናቸው፤ አመዳደባቸው ግን በዓይን ነው። ትከሻው ሰፋ ያለውን ፊት ያሰልፉታል፤ በቁልቁለት ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣልና። ቀጭን ቀጭኑን ወደ ኋላ ያደርጉታል። ይርዳው ሁልጊዜ ኋላ ነበር፤ እሱም ሜዳ ሜዳው ላይ ብቻ። ጎበዜ የሚባል የእህል ገበያ ተሸካሚ ነበር፤ የከተማዋ ጉልበተኛ እሱ ነው። ይርዳውን ባየው ቁጥር፣ «ይርዳው፣ አንተ መርፌህን ያዝ። ጠፍሩ ከተበጠሰ ትሰፋልናለህ» ይለዋል። ሰዉም ይስቃል።

ይርዳው ቀልዱ ሲበዛበት በሚያውቀው ሙያ መጣ። ከወፍራም ሱፍ አንድ ኮት ሰፋ። ትከሻውን በጥጥና በድሪቶ ጠቀጠቀው፤ ደረቱን በሸራ ወጠረው። ለብሶት ሲወጣ ሌላ ሰው ሆነ። «ይርዳው፣ ወፈርክሳ!» «ምን ብትበላ ነው?» ተባለ። እሱም ፈገግ እያለ ያልፋል።

ሚስቱ ስንዱ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ኮቱ አምሮብሃል» አለችው። «ውስጡ ያለው ሰው ግን ያው የኔው ነው።»

«ማን ገልጦ ያያል?» አላት።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። በየካቲት ወር አንድ ቀን ጡሩምባ ተነፋ። ሽንት የከለከላቸው አንድ አዛውንት ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰዱ ነው። ጋሽ ምንይችል እንደ ልማዳቸው የተሰለፈውን ትከሻ በዓይናቸው ቃኙና፣ «ይርዳው፣ ጉሮሮ ላይ አንተ ፊት ትገባለህ» አሉ። አልችልም ማለት አንዲት ቃል ነበረች። ያን ሁሉ ሰሞን ሲያሞግሰው የከረመ ሰው ፊት ቆሞ ግን ቃሏ ከአፉ አልወጣችም።

ገቡ። መንገዱን እንዳጋመሱ ክንዱ ደነዘዘ። ኮቱ ውስጥ ያለው ጥጥ ወደ ጎን ሸሸ፤ አጠናውም አብሮት ሸሸ። ቃሬዛው ተጋደመ። ደግነቱ የተጋደመው ወደ ዓለቱ በኩል ነው። አዛውንቱ ክንዳቸው ላይ ወደቁና ጮኹ። ጩኸቱ ከተማዋ ድረስ ተሰማ። ጤና ጣቢያ ደርሰው ከሕመማቸው ተፈወሱ፤ ክንዳቸው ግን ተሰብሮ ነበር።

በማግስቱ እሁድ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ጎበዜ ወደ ይርዳው ጠጋ ብሎ ትከሻውን በጣቱ ሲጫነው ጣቱ ሰመጠ። «ይህ ትከሻ ነው ትራስ?» አለ። ሰዉ ሳቀ። ወዲያው ግን የአዛውንቱ ነገር ትዝ አለውና ዓይኑን ከይርዳው አሸሸ። ይህ ከሳቁ የባሰ ነበር።

ጋሽ ምንይችል ፈረዱ። «ይርዳው፣ ከአጠናው ወርደሃል። ከዛሬ ጀምሮ የታማሚውን ጫማና ዣንጥላ ይዘህ ከኋላ ትከተላለህ። ትከሻ አበጀሁ ባልክ ቀን ና፤ አሸዋ የተጫነ ቃሬዛ አሸክመን እናይሃለን።»

ይርዳው ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለና ወደ ቤቱ ሄደ። አዛውንቱ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱም ደጃቸው ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ተነስ ልጄ፣ እግዜር ይፍታህ» አሉት። «ሁለተኛ ግን የማትችለውን እችላለሁ አትበል። አለመቻል ነውር የለውም።»

ያን ሰሞን ስንዱ አንድ ነገር ነገረችው። አርግዛለች፤ ሁለት ወሯ ነው። ይርዳው ደስ ሊለው ሲል ደስታው መሐል ላይ ቆመ። ስንዱ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለደችው ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ፣ በሞትና በሕይወት መካከል ሆና ነው። ያኔ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ፣ «ሁለተኛውን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው» ብላታለች።

«እንግዲህ እኔም በጉሮሮ ማለፌ ነው» አለች ስንዱ። ቀጥላም፣ «የእኚያን ሽማግሌ ጩኸት እኔም ሰምቻለሁ» አለች። «አንተ ዣንጥላ ይዘህ ከኋላዬ ልትመጣ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ልታሾፍበት አልነበረም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው። ይርዳው አፈረ፤ ከማፈርም በላይ ፈራ።

በነጋታው ገና ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ወደ እህል ገበያ ሄደ። የጤፍ ኩንታል ፊት ቆመ፣ አማተበ፣ ታቅፎ ሊያነሳው ሞከረ። ኩንታሉ ንቅንቅ አላለም፤ የይርዳው ወገብ ግን ቀጭ አለ። መሬት ላይ ተዘረጋ። ያነሳው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጎበዜ ነው። ጀርባው ላይ አዝሎ ቤቱ አደረሰው። ኩንታል ሊሸከም የሄደው ሰውዬ ራሱ እንደ ኩንታል ተጭኖ ተመለሰ።

ስንዱ ወጌሻዋን እማማ ዘርፌን ጠራች። እማማ ዘርፌ ጀርባውን በቅቤ እያሹ፣ «በማን ተናደህ ነው?» አሉት።

«በራሴ።»

«ታዲያ ራስህን ልክ አስገብተሃል። እስቲ ንገረኝ፣ ሙያ ልልመድ ብሎ የሚመጣ ሰው ቢኖር መጀመሪያ ምን ታሰፋዋለህ? ካባ?»

«ኧረ እማማ፣ ካባ ማን ያስነካዋል! ቁልፍ ነው የማስተክለው።»

«ለራስህ ምነው ካባ ሰጠህ?»

ይርዳው በአፉ ተደፍቶ እንደተኛ ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀበረ። ወገቡን ካመመው ይልቅ ነገሩ አመመው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉት እማማ ዘርፌ። «አሁን ሦስት ሳምንት ወገብህን አሳርፍ። ከዚያ ትጀምራለህ። ቤትህ ውስጥ እጀታ ያለው፣ ከበድ ያለ ነገር ምን አለ?»

ይርዳው አሰበ። «ካውያ አለ።»

«የከሰሉ?»

«አዎ። የእኔና የአባቴ፣ ሁለት ናቸው።»

«ተገኘ። ሆድ አላቸው አይደል? መጀመሪያ ባዷቸውን አንሳቸው። ሳምንት ሲሞላህ እፍኝ አሸዋ ጨምርባቸው። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ እፍኝ።»

ይርዳው እያመመው ሳቀ። «እማማ፣ በካውያ ነው ሰው የምሸከመው?»

«አይደለም። በካውያ ነው የምትጀምረው።»

አሠራሩንም አንድ በአንድ ነገሩት። ሁለቱን ካውያ ከጎንህ አንጠልጥለህ ወደ ትከሻህ አውጣ፣ ከትከሻህ ወደ ላይ ግፋ፣ በቀስታ መልስ። ይዘሃቸው በርጩማህ ላይ ቁጭ ብድግ በል። ከወገብህ ጎንበስ ብለህ፣ ጀርባህን ሳታጎብጥ፣ ወደ ሆድህ ሳባቸው። አሥር ጊዜ ከሆነልህ አረፍ በልና ድገም፤ ሦስት ዙር ይበቃል። ክንድህ እምቢ ሳይልህ ተው። ቸኩለህ አትወርውር፤ አወራረዱም ሥራ ነው።

«በየቀኑ?» አላቸው።

«በሳምንት ሦስት ቀን። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ እኮ ገበያ ነው።»

«ገበያ ሳትወጣ ነዋ! ለሰበብ ጉልበት አላነሰህም።»

«በቀረው ቀንስ?»

«ብላ፣ ተኛ፣ ልብስህን ስፋ። ሊጥ የሚነሳው ስትተወው ነው፤ ሥጋም እንደዚያው። ጾም ነው ብለህ ደግሞ ሆድህን አታታል፤ ባቄላውንም ሽሮውንም ጠንከር አድርገህ ብላ። ፍስክ ሲገባ እንቁላል ከተገኘ እሰየው።»

ወገቡ ሲሻለው ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን ባዶዎቹን ካውያዎች ስድስት ጊዜ ወደ ላይ ገፍቶ ሰባተኛው ላይ ክንዱ ተንዘፈዘፈ። በካውያ ብርክ የያዘው ወንድ ይሏል ይሄ ነው። ግቢው ውስጥ ማንም አለመኖሩን ዞር ብሎ አየና ለብቻው ሳቀ። ሐሙስ ዕለት ስምንት ጊዜ ሆነለት። በሳምንቱ ቅዳሜ አሥር ሞላ። አንድ እፍኝ አሸዋ ጨመረና ወደ ሰባት ተመለሰ። እንዲህ እያለ፣ አንድ ወደፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ፣ መጋቢትና ሚያዝያ አለፉ።

ወሬ መቼም አጥር አይከለክለውም። «ይርዳው እሳት የሌለው ካውያ ይዞ ይወዛወዛል» ተባለ። «ሰውዬውን ነካ አድርጎታል» ያሉም አሉ። ጎበዜማ በበረንዳው ስር ባለፈ ቁጥር፣ «እንዴት ነው፣ አየሩን ተኩሰህ ጨረስክ?» ይለዋል። ይርዳው ያመው ነበር። ካውያውን የሚያስቀምጥ ግን አልሆነም። በልቡ የሚያየው ጎበዜን ሳይሆን ያን ጠባብ መንገድና ሆዷ እየገፋ የመጣውን ስንዱን ነው።

አንድ ቀን ግን ሆዱ ባባና እማማ ዘርፌ ዘንድ ሄደ። «እማማ፣ ሁለት ወር ለፋሁ። መስታወት አየሁ፤ ያው ነኝ።»

«መስታወቱን ማን እይ አለህ? ካውያዎቹስ ስንት እፍኝ ያዙ?»

«ሞልተዋል። ክዳናቸው አልገጥም ብሏል።»

«አንተ ያው ከሆንክ ታዲያ እነሱ በምን ሞሉ?»

ይርዳው ክንዱን ዳሰስ አደረገ። እማማ ዘርፌ ሳቁበትና ደግሞ ጨመሩለት። «ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል። ሲሉት ቀላል ነው፤ ታቅፋ የምትቆየዋን ዶሮ ማንም አያነሳትም። ሂድ፣ አሸዋውን ድፋና የብረት ቁርጥራጭ ሙላበት።»

ከዚያ ወዲያ ይርዳው ጥያቄ አላበዛም። ካውያዎቹ ብረት ጎረሱ። እነሱም ሲቀሉት ከወፍራም ሸራ ከረጢት ሰፋ፤ ድርብ ስፌት፣ በሰም ክር። አሸዋ ሞልቶ አንዱ ትከሻው ላይ እየጫነ ግቢውን መዞር ጀመረ። መጀመሪያ ሦስት ዙር፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ያለ ማቋረጥ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ሰፊ ነውና መለካት ያውቃል። ጉሮሮ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል፤ እሱ ሩብ ሰዓት ሲሞላለት በዚያ አላቆመም፣ ሃያ ደቂቃ እስኪሆን ገፋበት።

በሰኔ አንድ ከሰዓት በኋላ በበረንዳው ላይ እየሰፋ ሳለ ዝናብ ሳይታሰብ ወረደ። የስፌት መኪናው ከነብረት እግሩ ከባድ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ጎረቤት ጠርቶ በሁለት ሰው ነበር። ያን ዕለት ጨርቁ እንዳይረጥብ ብቻ እያሰበ መኪናውን ብድግ አድርጎ አስገባው። ካስቀመጠው በኋላ ነው የገባው። ቆሞ እጆቹን አያቸው።

ስንዱ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ማን አገዘህ?» አለችው።

«ማንም።»

ስንዱ ወደ ጓዳ ተመልሳ አንድ እንቁላል ጠበሰችለት። ይርዳው በዚያን ቀን የተሰማውን ደስታ በኮቱ ዘመን ያሞገሱት ሰዎች ሁሉ ተሰብስበው አልሰጡትም። ይህኛው የራሱ ነበር።

ሐምሌ ላይ ጋሽ ምንይችል ዘንድ ሄዶ ፈትኑኝ አላቸው። እሳቸውም፣ «ክረምት ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ለመስቀል እናይሃለን» አሉት። ይርዳው ቀኑን ቆጠረ። ስንዱ የምትወርደው በጳጉሜን ነው፤ ቀኗ ሳይደርስ ጤና ጣቢያው አጠገብ ዘመድ ቤት ልትቀመጥ ነበር የታሰበው። በእግሯ ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ቃሬዛም አያስፈልግም ብለው ነበር።

ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ከቀኗ ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ ስንዱን ምጥ ያዛት። ዝናቡ ያካፋል። ጡሩምባ ተነፋ። የከተማዋ ወንድ ግን አብዛኛው በዋዜማው ወደ ሌላ አገር ለቅሶ ሄዷል። ጋሽ ምንይችል የመጣውን ሰው ቆጠሩ፤ ሰባት ነው። ለሁለት ተራ ስምንት ያስፈልጋል።

ይርዳው ወደ ፊት ወጣ። «ስምንተኛ እኔ ልሁን፣ ጋሽ ምንይችል።»

«አንተ ገና ነህ። ፈተናህ ለመስቀል ነው ብያለሁ።»

«ምጡ መስቀልን አይጠብቅልኝም።»

ጋሽ ምንይችል ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ ስንዱም አዩ። «እሺ» አሉ። «እስከ ጉሮሮ አፍ ድረስ ብቻ። እዚያ ስንደርስ ትወጣለህ፤ ሌላ ይገባል።»

ስንዱን ከዝናቡ ለመከለል ጋቢ ከነፊቷ አለበሷትና ተነሱ። መንገዱ ሳሙና ሆኗል። አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ ያርፋሉ፤ ይተካካሉ። ይርዳው ተራው ሲደርስ ይገባል፣ ሲያልቅ ይወጣል፤ ድምፁም አይሰማም። ጉሮሮ አፍ ሲደርሱ አንደኛው ሰው ጭቃ አንሸራቶት ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። የቀሩት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ያለከልካሉ። ስንዱ ጋቢው ውስጥ ታቃስታለች። ምጡ ተፋፍሟል፤ ቆሞ ማረፊያ ጊዜ የለም።

ጋሽ ምንይችል እንደ ልማዳቸው በዓይናቸው ትከሻ መቃኘት ጀመሩ። ከዚያ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ማየቱን ተውና ጆሯቸውን ጣሉ። ሁሉም እንደ ወናፍ ይተነፍሳል። ጎበዜም ጭምር። አንድ ሰው ብቻ አፉን ገጥሞ በአፍንጫው ይተነፍስ ነበር።

ቀድሞ የተናገረው ጎበዜ ነው። «ጋሽዬ፣ ይርዳው ፊት ይግባ። ከእኔ ጎን።»

ጋሽ ምንይችል ወደ ይርዳው ዞሩ። በየካቲቱ ቀን ያልጠየቁትን ጥያቄ አሁን ጠየቁት። «ይርዳው፣ ትችላለህ?»

ይርዳው ወደ ውስጡ ተመለከተና የሚያውቀውን አገኘ። ስንት ደቂቃ እንደሚችል ያውቃል። ስንት እርምጃ እንደሚሄድ፣ ግራ ትከሻው መቼ እንደሚያቃጥለው፣ ካቃጠለው በኋላ ምን ያህል እንደሚቀረው ያውቃል። «እችላለሁ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ገቡ። ዓለቱ ውኃ ያንጠባጥባል፤ በሌላው በኩል ገደሉ በጉም ተሞልቷል። ስንዱ ቦታውን ሳታይ በእርጥብ ዓለቱ ጠረንና በቅዝቃዜው አወቀችው። እንደማንኛውም ታማሚ ሁለቱን አጠናዎች ጨምድዳ ያዘች። መጨምደዷ በእንጨቱ በኩል አልፎ ለይርዳው ትከሻው ላይ ይሰማዋል፤ አጠናው ይንቀጠቀጣል። ይርዳው እርምጃውን ከጎበዜ እርምጃ ጋር ገጠመ። ግራ ትከሻው አቃጠለው። ገና ነው፣ ከዚህ በኋላ አሥር ደቂቃ አለኝ አለ በልቡ፤ ነበረውም።

አዛውንቱ የወደቁበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ስንዱ ከጋቢው ውስጥ ተናገረች። «ፊት ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይርዳው?»

«አዎ።»

«ጉሮሮ ውስጥ አይደለን እንዴ?»

«አጋምሰነዋል።»

ከዚያ በኋላ ይርዳው በትከሻው ላይ አንድ ነገር ተሰማው። አጠናው መንቀጥቀጡን አቆመ። ስንዱ አጠናዎቹን ለቃ ነበር።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። እናትም ልጅም ደኅና ናቸው።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸው ነው። ብዙዎቻችን ጉልበት የምንፈልገው ጡሩምባው ሲነፋ ነው። ያን ዕለት ግን ጉልበት አይሸጥም፣ አይዋስም፣ በጸሎት ብቻም ከሰማይ አይወርድም። የሚገኘው ያልተነፋ ዕለት ነው፤ ማንም በማያየን ግቢ ውስጥ፣ ቤት ባፈራው ተራ ነገር፣ ትናንት ካነሳነው ዛሬ እፍኝ ታህል ጨምረን ስናነሳ። ትልቅ ዕቃ የለኝም ያለ ሰው የጎደለው ዕቃ አይደለም፤ የጎደለው ማክሰኞ ነው፣ ሐሙስ ነው፣ ቅዳሜ ነው። ብርቱ መምሰልም አንድ ቀን ያስመሰግናል፤ በማግስቱ ግን የሰው ክንድ ይሰብራል። የምንችለውን ልክ አውቀን «እችላለሁ» ስንል ነው ሰው በእኛ ላይ እጁን ለቆ የሚያርፈው።

ነገ በእናንተ ትከሻ ላይ ገደል የሚያልፈው ሰው ማነው? ለእሱ ብላችሁ ዛሬ ምን አነሳችሁ?